ከሰማይ ያልታየው ምንጭ

ስርጉት ታብሌቷን አቅፋ ከአሶሳ ወጣ ብሎ ወዳለው የሰፈራ አምባ የደረሰች ዕለት፣ ንብ አናቢው ይገረም አንድ ቀፎ ላይ ጆሮውን ለጥፎ ያዳምጥ ነበር።

«ምን ይልሃል?» አለችው።

«ምንም። እሱ ነው የጨነቀኝ።»

በዙሪያው ያለው ማሳ ሁሉ የአረም መድኃኒት ይረጭበታል። ከሃያ ቀፎ ንብ ያለበት ስድስቱ ብቻ ቀርቷል። እሷም የመጣችው ለዚሁ ነበር፤ ዝናቡን፣ አበባውን፣ ውሃውንና የእርሻውን ርቀት ካርታ ላይ ደራርባ ለንብ የሚስማማ መሬት ትፈልጋለች። የሚስማማው አረንጓዴ፣ የማይስማማው ቀይ ሆኖ ይወጣል።

የይገረም ጓሮ ቀይ ነበር። አየው። ከዚያ ካርታውን ትቶ ጣቷን ያይ ጀመር። ስርጉት አወቀችበት፤ ጣቷን ግን አልሰበሰበችም።

ሳምንት ሙሉ አብረው ዞሩ። ኑግ ያበበበትን ቢጫ ዳገት ሲወጡ ወሬያቸው ያልቃል። ዝምታው አይከብዳቸውም። እንዲህ ያለውን ዝምታ የሚሰጠው እግዚአብሔር ነው።

የይገረም አባት ጋሽ አንለይ ግን ቀፎው ከጓሯቸው ተነስቶ አረንጓዴ ወደሆነ ቦታ እንዲሄድ አልፈቀዱም።

«በሰባ ሰባት ካርታ የያዘ ሰው ከወሎ አንስቶ እዚህ አወረደኝ። ደግሞ ለወረቀት አልነሳም!»

«ይሄ እኮ ወረቀት አይደለም፣ አባዬ።»

«የባሰ! ባትሪው ሲያልቅ ጭራሽ የሚጠፋ!»

ይገረም ያለ አባቱ ምርቃት ቀፎም አያነሳም፣ ሚስትም አያገባም። ይህን ለስርጉት ሲነግራት ዓይኗን ማየት አልቻለም። ዓርብ ሪፖርቷን አስረክባ ለሌላ ሥራ ወደ ማንኩሽ ትሄዳለች።

ሐሙስ ጠዋት ሽማግሌው ፊት ተቀመጠችና ታብሌቷን ዘጋችው።

«አባባ፣ ያኔ ቢጠይቁዎት ኖሮ የቱን ቦታ ይመርጡ ነበር?»

ጋሽ አንለይን በአርባ ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ዱላቸውን አንስተው «ተከተሉኝ» አሉ።

ቀርከሃውን አቋርጠው፣ ወጣቶቹን ጥቅጥቅ ያለ የዋንዛ ጥላ ሥር አደረሷቸው። ከሥሩ ቀዝቃዛ ምንጭ ይፈልቃል። ስርጉት ታብሌቷን ከፈተች። ቦታው ቀይ ነው።

«ውሃ የለበትም ይላል» አለች ግራ ገብቷት። «ሳተላይቱ ከሰማይ ስለሚያይ ዛፉ ጋርዶበት ነው።»

«ከሰማይ የሚያየውስ አይቶታል» አሉ ጋሽ አንለይ። «ያንቺን ማሽን እንጃ።»

እየሳቀች ምንጩን መዘገበችው። ቀዩ ቀስ እያለ አረንጓዴ ሆነ።

ሽማግሌው ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ንቦችህን አምጣ። ካርታው ስላለ እንዳይመስልህ፤ እኔ ስላልኩ ነው!»

ይገረምም «እዚሁ ጎጆ ብቀልስ… ከቀፎው ምን ያህል ይራቅ?» ብሎ ስርጉትን ጠየቃት።

«ሁለት መቶ እርምጃ።»

ጎን ለጎን እየቆጠሩ ሄዱ። መቶ ላይ ሲደርሱ ቁጥሩ ጠፋበት፤ የቀረውን እሷ ቆጠረችለት። ሁለት መቶ ላይ ቆመችና አንድ እንጨት አንስታ መሬቱ ላይ ተከለች።

«መስኮቱ ወደ ምሥራቅ ይሁን» አለች።

«ለምን?»

«የማለዳ ፀሐይ እወዳለሁ። የማንኩሹን ሥራ ጨርሼ በጥር እመለሳለሁ።»

ይገረም እጁን ዘረጋ፤ ያዘችው።

ጋሽ አንለይ ራቅ ብለው፣ ውሃ እንደሚጠጣ ሰው ምንጩ ላይ ጎንበስ ብለዋል። አንድም ጉንጭ አልጠጡም። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ እየመረቁ ነበር።