ለታፉክት የተመረጠው ቀይ ጫማ

ፈረስ ጫማው ሲጠበው በምን ይናገራል? ኢቶ የታፉክትን ልጓም ይዛ ዳገቱ መሃል ስትቆም መልሱን አላወቀችውም። ዳማዋ ባዝራ አላነከሰችም። እርምጃዋ ብቻ አጠረ፤ እሾህ ላይ እንደሚሄድ ሰው።

«ምን ሆና ነው?» አሉ በበቅሎ የሚከተሏት አያቷ ባሱ።

«አዲስ ስለሆነባት ነው፣ አባባ። ትለምደዋለች።»

«ሰው ሠራሽ ጥርሱን ሳስገባም ‹ይለምዱታል› ብለሽኝ ነበር። ይኸው ኪሴ ውስጥ ተቀምጧል።»

ኢቶ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ ጠፋ።

ሦስት ዓመት ሊዮን ከተማ፣ አክስቷ ዘንድ ተምራ ወደ አትላስ ተራሮች ከተመለሰች አምስት ወሯ ነው። የብረት ጫማዋ ምስማር የታፉክትን ሰኮና ስለሰነጠቀው ብረቱ ይውለቅ፣ ለድንጋያማ መንገድ የሚጠለቅ የላስቲክ ጫማ ይገዛላት ያለችው እሷ ናት። አያቷ ስልኳ ላይ ካሳየቻቸው ሥዕሎች መሃል አፉ ሰፊ፣ ተረከዙ ላይ ለስላሳ ስፖንጅ ያለውን ጥቁሩን ወደዱ።

«ድስት እኮ ነው የሚመስለው!» ብላ ቀጭኑን ቀዩን መረጠች።

ጫማው ለመድረስ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ቅዳሜ ደግሞ የሊዮን ጓደኛዋ ኦዲል ትመጣለች፤ ለሦስት ቀን የተራራ ጉዞ፣ ኦዲል ታፉክት ላይ ተቀምጣ። ኦዲል የቀዩን ጫማ ፎቶ አይታ «ቀውጢ ነው! የምመጣው ለፈረሷ ነው፤ ተራራስ እዚህም አለ» ብላ ጽፋላት ነበር።

ባሱ ከበቅሏቸው ወርደው ጫማውን ፈቱ። የእጃቸውን ጀርባ የባዝራዋ ተረከዝ ላይ አሳረፉ። ቆዳው ይፋጃል፤ ፀጉሩ ተፍቆ ሮዝ ሆኗል።

«ስትለኪ እግሯ መሬት ላይ ነበር?»

«ነበር ብዬዎት ነበር እኮ።»

«ያልሽውን አልረሳሁም። ያደረግሽውን ነው የጠየቅኩሽ።»

ኢቶ የባዝራዋን ጋማ ማበጠር ጀመረች። «መጀመሪያ ቆማ ለካኋት። ከቀረው ቀይ ጫማ በአንድ ቁጥር በለጠ፤ በሷ ቁጥር ቀዩ አልቋል። ከዚያ... እግሯን አንስቼ ደግሜ ለካሁ።»

«ሰኮና ክብደት ሲያርፍበት እንደሚሰፋ እያወቅሽ?»

«እያወቅኩ።»

«አንቺን ለጫማ ሲለኩሽ ጣሪያ ላይ ሰቅለው ነው?» አሉ። አልተቆጡም። ታፉክት አፍንጫዋን ብብታቸው ውስጥ ቀበረች፤ እሳቸውም ግንባሯን አከኩላት። «እንዲህ ነው የምትናገረው። ቀስ ብላ ነው እንጂ ትናገራለች።»

«ጨርቅ ጠቅልለንበት ሦስት ቀን አትችልም?»

«ትችላለች። ይህቺ ‹አልችልም› ብላ አታውቅም።» በቅሏቸው ላይ ወጡ። «እንግዳዋ ያንቺ፣ ባዝራዋም ያንቺ። እኔ የማውቀው በቅሎዬን ነው።»

ኢቶ አራቱንም ጫማ አውልቃ ከረጢት ውስጥ ከተተች። ሣር ሣሩን እየመረጠች ባዝራዋን በባዶ እግሯ ወደ መንደር አወረደቻት። ጋጣው በር ላይ ስልኳን አወጣች፤ ጻፈች፣ አጠፋች፣ ደግማ ጻፈች።

«ኦዲልዬ፣ ታፉክት ቅዳሜ አትሄድም። ጫማዋን ሆን ብዬ አሳስቼ ነው የለካሁት፤ ቀዩን ስለፈለግኩ። ተረከዟ ተልጧል። ከመጣሽ በእግር እንወጣለን፣ ሻንጣሽን የአባባ በቅሎ ይሸከማል። ነይ በናትሽ።»

ላከችው። መነበቡን የሚያሳዩት ሁለቱ ምልክቶች ወዲያው ሰማያዊ ሆኑ። ቅዳሜ ግን ኦዲል አልመጣችም፤ መልስም ያን ቀንም ሆነ ከዚያ በኋላ አልመጣም።