ከጥግ የተነሳው በርሜል

ሽማግሌው አናጢ የወደቁት ጠዋት፣ የፎቁ ሰው ወደ ሥራ ሲወጣ ነው። ከሦስተኛ ፎቅ በረንዳቸው ቁልቁል፣ ጓሮው ሲሚንቶ ላይ። መርማሪዋ ስትደርስ አስከሬኑ በአንሶላ ተሸፍኖ፣ ጎረቤት ዙሪያውን ቆሟል።

«ዓይናቸው አያይም ነበር» አላት ከሥራቸው ባለው ቤት የሚኖረው ልብስ ሰፊ። «ግን በረንዳቸውን እኛ ከምናየው ይበልጥ ያውቁታል። እንዴት ይወድቃሉ?»

«ከእሳቸው ጋር ጠብ ነበረህ ይባላል።»

«ከእሳቸው ሳይሆን ከውሃቸው። እየተንጠባጠበ የሰው ጨርቅ አበላሸብኝ። ትናንት ወጥቼ ጮህኩ። በሩን የከፈቱልኝ እህታቸው ናቸው፤ ስጮህ ፈገግ ቢሉብኝ አፍሬ ወረድኩ። ወደ ውስጥ አልገባሁም።»

መርማሪዋ ብዙ የማትናገር፣ ዓይኗ ግን ሥራ የማይፈታ ሴት ናት። ደረጃውን ወጣች።

በረንዳው ከአንድ አልጋ ብዙም አይሰፋም። መሬት የሚባል ነገር በሌለበት ግን ጓሮ ሆኗል። የቀለም ቆርቆሮ፣ የተሰነጠቀ ሳፋ፣ አንገቱ የተቆረጠ ጀሪካን፣ ሁሉም ሥሩ ተበስቶ አፈር ተሞልቷል። በሩ አጠገብ ናና፣ ቀጥሎ ሰላጣና ሽንኩርት። በግራ ጫፍ፣ ፀሐይ በሚመታው በኩል፣ ቲማቲም የተተከለበት ግማሽ በርሜል አለ። ቀኙ ጥግ ባዶ ነው። እዚያ የመከለያው ብረት በዝገት ተበልቶ ተገንጥሏል።

የሟች ልጅ ነርስ ናት፤ የሥራ ልብሷን እንኳ አላወለቀችም። ባሏ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

«ይሄን ሁሉ ቆሻሻ አወርደዋለሁ ብለህ ዝተሃል» አለችው መርማሪዋ።

«ብያለሁ። ከጎረቤት አጣላን። ግን አፌ ነው እንጂ እጄ አልነካውም። ትናንት እስኪመሽ ሥራ ላይ ነበርኩ።»

«አንቺስ?»

«ትናንት አባዬን ዓይን ሐኪም ዘንድ ወስጄው እዚያው ዋልን» አለች ልጅቷ። «ስንመለስ ደክሞት ተኛ። ቤት የቀረችው አክስቴ ብቻ ናት።»

አክስትየዋ፣ የሟች ታላቅ እህት፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። «ወንድሜ ሻዩ ቀዘቀዘበት፤ ጥሩት እስቲ» አሉ።

ልጅቷ ወደ መርማሪዋ ጠጋ ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ጠዋት ነገርኳት። አልቅሳ አልቅሳ ረሳችው። እንደገና ነገርኳት። አሁንስ አቃተኝ። እሱ ነበር የሚያስታውስላት፣ እሷ ደግሞ ታይለታለች። ‹ሁለታችን ብንደመር አንድ ደህና ሰው ይወጣናል› እያለ ይስቅ ነበር።»

መርማሪዋ በረንዳው ላይ ተንበረከከች። የሰላጣው አፈር ላዩ ደርቆ ጠጥሯል። የበርሜሉ ግን ጣቷን እስከ ሥሩ ዋጠው። በጠርዙ በኩል እየማሰች ወረደች፤ ታች በየቀዳዳው ላይ አንዳንድ ጠጠር ተቀምጧል። የቲማቲሙ ግንድ ከእንጨት ጋር የታሰረበትን ብጣሽ ጨርቅ ፈታች፤ አየችው፤ ኪሷ ከተተችው። እዚያው እንደተንበረከከች ቆየች።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ልጅቷ አክስቷን ወደ ጓዳ ልትወስድ ስትል፣ «ስለ ወንድሜ ከሆነ እሰማለሁ» ብለው እምቢ አሉ። መርማሪዋ ነገሩን በሌላ ቀን ልታደርገው ፈልጋ ነበር። ባልና ልብስ ሰፊው ግን እርስ በርስ መወነጃጀል ጀምረው ሊያያዙ ደርሰዋል።

«ማንም ማንንም አልገደለም» አለች። «ቁጭ በሉ። ቀኙ ጥግ ወለሉ ላይ ክብ ምልክት አለ። በርሜሉ እዚያ ነበር።»

«አባዬ ነው ያስቀመጠው» አለች ልጅቷ። «አከራዩን ብረቱን አሠራ ብንለው ዛሬ ነገ አለን። ጉልበቱ በርሜሉን ሲነካ ከዚያ ይመለሳል።»

«ዛሬ ጠዋት ግን ጉልበታቸውን የነካው ነገር የለም፤ አልፈው ወደቁ። አፈር የሞላውን በርሜል ደግሞ ሁለት ጎረምሳ አያነሳውም። ቢጎተት ወለሉን ይቧጭር ነበር፤ ጭረት የለም። አፈሩ በጣሳ ተቀድቶ ወጥቶ፣ ባዶው ተወስዶ፣ እንደገና ተሞልቷል። ይሄ ሙሉ ቀን ይፈጃል። ሊጎዳ የመጣ ሰው እንዲህ አይደክምም። ጠጠሩን ለቅሞ ቀዳዳው ላይ አይመልስም። ግንዱ እንዳይታነቅ ብሎ አላልቶ አያስርም።»

ብጣሹን ለልብስ ሰፊው ሰጠችው። ስፌቱን አገላብጦ አየ። ዓይኑ ወደ አክስትየዋ ቀሚስ ጠርዝ ሄደ፣ አንድ ጎኑ ተቀዶ ወደጎደለው፤ ቀሚሱን የሰፋው ራሱ ነበር። ጨርቁን መዳፉ ውስጥ ጨብጦ አቀረቀረ።

«ቲማቲሙ ቀኙ ጥግ ጥላ ውስጥ ሳለ ፀሐይ ፍለጋ ተጣሟል» አለች መርማሪዋ። «ያነሳው ሰው አዝኖለት ነው።»

ባል ሚስቱን አየ። ሚስት አፏን በእጇ ያዘች። ገብቷቸዋል። ከሁሉም ይልቅ በጥሞና ሲያዳምጡ የነበሩት አክስትየዋ ብቻ ግራ ተጋብተው ቀሩ።

«ታዲያ ያ ሰው ለወንድሜ ለምን አልነገረውም? ማየት እንደማይችል አያውቅም?»

«ያውቃል እማማ» አለች መርማሪዋ። «ማታ ሊነግራቸው አስቦ ነበር መሰለኝ። ረሳው።»

«ይሄ ይረሳል?» እንባቸው ወረደ። «እኔ ብሆን አልረሳም ነበር።»

ልብስ ሰፊው ተነስቶ በቀስታ ወጣ። መርማሪዋ ወንበሯን አስጠግታ አጠገባቸው ተቀመጠች። የሚከሰስ ሰው አልነበራትም። አሮጊቷ እጇን ያዙት።

«ሰውዬውን ታገኚዋለሽ አይደል ልጄ?»

መርማሪዋ ወደ ነርሷ ተመለከተች። ነርሷ ራሷን ነቀነቀች፤ አትንገሪያት ማለቷ ይሁን ንገሪያት፣ እሷም የምታውቀው አትመስልም።

«እንፈልገዋለን እማማ።»

«አደራ» አሉ እጇን ጠበቅ አድርገው። «እንዳትለቂው።»