ንፍሮው ያረፈበት ቤት

«ውሃው እኔ ቤት አልገባም፤ ደጅ ነው የቀረው» አሉ እትዬ ንግሥቴ፣ በሩን ገርበብ አድርገው ደፉ ላይ እንደቆሙ። «ይልቅ ሌላውን ቤት ድረሱለት።»

የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ታከለ ፈጣሪን አመስግነው ደቦውን ወደሚቀጥለው ቤት መሩት። አካፋና ባልዲ የያዘው ሁሉ ተከተላቸው። ትሕትና ግን ቆም አለች።

ትናንት ወንዙ ሞልቶ የፍኖተ ሰላምን የታችኛውን ሰፈር ሲያጥለቀልቅ፣ ግድግዳው ሁሉ ላይ የጭቃ መስመር ጥሎ ሄዷል። መስመሩን በዓይኗ ተከተለችው። ከጎረቤት ግድግዳ ይነሳል፣ በእትዬ ንግሥቴ መስኮት ሥር ያልፋል፣ እነትሕትና ቤት ላይም ይቀጥላል። መሃል ያለው ቤት ብቻውን እንዴት ተረፈ? የእትዬ ንግሥቴ ቀሚስም እስከ ጉልበታቸው ርሷል።

«ምን ትፈዣለሽ? ነይ እንጂ» አላት የክፍሏ ልጅ ወንዳወቅ።

እትዬ ንግሥቴ ቤት ውስጥ ውሃ እንዳለ በሹክሹክታ ነገረችው።

«ታዲያ ለምን ይደብቃሉ? ደቦ እኮ ፍሪ ነው፤ ማንም ብር አይጠይቃቸው።»

«ፍሪ አይደለም» አለች።

ደቦ የገባበት ቤት ያበላል፣ ያጠጣል። ጎርፍ መጣ ተብሎ ይህን የሻረ የለም። የእትዬ ንግሥቴ ባል በሕይወት ሳሉ ደግሞ የእሳቸው ቤት ድግስ በሰፈሩ ይወራ ነበር። አሁን ጓዳቸው ውስጥ ምን እንደቀረ መገመት ትሕትናን አላቃታትም።

ለጋሽ ታከለ ብትነግር እትዬ ንግሥቴ በሰው ፊት ያፍራሉ። ዝም ብትል የጭቃው ግድግዳ ሥሩ ውሃ እንደያዘ ያድርና ይናዳል። በደምበጫ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል።

እናቷ ቻይነሽ ደቦው መጨረሻ ላይ እነሱ ቤት ሲደርስ የሚቀርብ ንፍሮ ቀቅላለች፤ ጠላም በጀሪካን አዘጋጅታለች። ድስቱ ወደ ሌላ ቤት ከሄደ ሰዉም ወደዚያው ነው። የእነሱ ቤት ለዛሬ አይደርሰውም፤ ዳግመኛ አክስቷ ቤት መሬት ላይ ማደር ይመጣል። እናቷን ደግሞ አላስፈቀደችም።

ከደጃቸው ድስቱን አነሳች። ወንዳወቅ ጀሪካኑን ይዞ በጓሮ በኩል ተከተላት።

«እትዬ፣ እናቴ ሰው ቤት ጭቃ እየዛቀች ነው። ንፍሮውን ለሰዉ የሚያቀርብልን አጣን። እርስዎ ቢያቀርቡልን?»

እትዬ ንግሥቴ ድስቱን አዩ፤ ከዚያ የራሳቸውን ቀሚስ።

«እናትሽ ታውቃለች?»

«ስትመጣ ታውቃለች።»

እትዬ ንግሥቴ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት። ውስጥ ዱካ ወንበር ውሃው ላይ ይንሳፈፋል።

«ግቢ። እንዳያንሸራትትሽ።»

ጋሽ ታከለ ተጠርተው ሲመጡ ወለሉን አዩ። ጫማቸውን አወለቁና ባልዲ ያዙ። ሰዉ ከጓዳ እስከ ደጅ ተሰልፎ ውሃውን ይቀባበል ጀመር።

«የእናንተ ቤትስ?» አለ ወንዳወቅ።

«ነገ» አለች ትሕትና፣ ባልዲውን እየተቀበለችው።

ውሃው ሲያልቅ እትዬ ንግሥቴ እጃቸውን ታጥበው ደጅ ላይ ተቀመጡ። ለእያንዳንዱ እፍኝ ሙሉ እየዘገኑ፣ እሳቸው ቤት ቆንጥሮ መብላት እንደሌለ ይናገራሉ። እጀታው የወለቀው ድስት የማን እንደሆነ ሰፈሩ ያውቃል። አንድም ሰው ግን ነገሩን አላነሳም።

ቻይነሽ እስከ ክርኗ ጭቃ ሆና መጣች። ድስቷን አየች። ልጇን አየች። ትሕትና መሬት መሬት ማየት ጀመረች።

ቻይነሽ እጇን በቀሚሷ ጠራርጋ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆመች። ተራዋ ሲደርስም ሁለት መዳፏን ዘረጋች።

«ለእኔም ይዝገኑልኝ እንጂ፣ እትዬ።»