ሳይከፈት የተጣለው ፖስታ

«ማግኔቱ» ብላ የምትጠራው የዩኒቨርሲቲ ባልደረባዋ ወደ ክፍሏ የገባ ዕለት እመቤት ስበት ቀና ብላም አላየችው። የእሱ ቢሮ ጣሪያ ውሃ ስለሚያፈስ፣ ጥገናው እስኪያልቅ አብረሽው ትሠሪያለሽ ተብላ ጥርሷን ነክሳ እሺ ብላለች። በሁለት እጁ ካርቶን ታቅፎ በሩን በክርኑ ገፍቶ ሲገባ፣ ካርቶኑ ከሥሩ ተቀደደና መጽሐፉ ሁሉ እግሯ ሥር ተዘረገፈ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አላት።

«ድንበሩ እዚህ ጋ ነው» አለችው በጫማዋ ጫፍ ወለሉን እያሳየች። «ከዚህ ወዲህ ያንተን ነገር እንዳላይ።»

ተማሪዎቿ «እመቤት ስበት» ብለው ስም ያወጡላት ያለ ነገር አልነበረም። ሥራዋ የስበት ሒሳብ ነው። ጥቁር ጉድጓድ የሚባለው፣ ብርሃን እንኳ የማያመልጠው የሰማይ አካል፣ አንዳች ነገር ሲነካው እንዴት ተንቀጥቅጦ እንደሚረጋ በጠመኔና በወረቀት ብቻ ታሰላለች። ከዚያ በታች ያለ ምርምር ለእሷ ተራ የእጅ ሥራ ነበር። እሱ ደግሞ የሚያጠናው በቁስ ውስጥ በመስመር የተደረደሩ፣ ዓይን የማያያቸው የኳንተም ማግኔቶች እንዴት እርስ በርስ እንደሚነካኩ ነው።

«ዕድሜውን ሙሉ ፍሪጅ በር ላይ ስለሚለጠፍ ነገር የሚያስብ ሰው አምጥተው ጫኑብኝ» አለች ለታላቅ እህቷ በስልክ።

የጥርስ ሐኪም የሆነችው እህቷ ግን ዝም ብላ የምትሰማ ሴት አልነበረችም። በሳምንቱ መጨረሻ ስለ ሹራቡ የተዛነፈ ቁልፍ ሰማች። በሚቀጥለው ደግሞ ሲያሰላ ስለሚያዜመው ዜማ፣ የዳቦ ፍርፋሪ በመዳፉ ስለሚጠርግበት አኳኋን፣ አጥሮ በጣት ለመያዝ እስኪያስቸግር ስለሚጠቀምበት እርሳስ ሰማች። በመጨረሻ ታከታትና፣ እንዲህ የምትንቂውን ሰው ቀን ቆጥረሽ የምታወሪልኝ ለምንድን ነው ብላ ጠየቀቻት። እመቤት ስበት ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋችባት።

በዚያው ሰሞን ሁለት ዓመት የታገለችውን ስሌት ጨረስኩ አለች። ሴሚናር ተቀጠረላት። ነገሩ ከተሳካ ቋሚ የመምህርነት ወንበር ይሰጣታል፤ ካልተሳካ ውሏ በዓመቱ መጨረሻ ያበቃል። ረቂቁን ለክፍሉ መምህራን ሁሉ ስታድል፣ ለማግኔቱም አንድ ቅጂ ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገችለት። እንዲያነበው ሳይሆን አልሰጠችኝም እንዳይል ነበር።

ከአራት ቀን በኋላ፣ ሁለት ባልደረቦቿ ክፍሏ ውስጥ ቆመው ሲያወሩ፣ ማግኔቱ ገብቶ ነጭ ፖስታ ፊቷ አስቀመጠ። ግንባሩን ላብ አጥምቆታል። «ሲመችዎ ቢያዩት» አለና ወጣ። ባልደረቦቿ ተጠቃቀሱ። እሷም ተጠቃቅሰው ሳያበቁ ፖስታውን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ፣ «ማግኔት ነው፤ ያገኘውን ሁሉ መሳብ ያምረዋል» ብላ ሳትከፍተው ቅርጫት ውስጥ ጣለችው። ሰዎቹ ሳቁ።

ማግኔቱ ግን የረሳውን ጃንጥላ ሊወስድ ተመልሶ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሁሉንም አይቷል። ጃንጥላውን አነሣ፤ መጽሐፎቹንም ሰበሰበ፤ በዚያው ቀን ምድር ቤት ያለችው የድሮ መጽሔቶች ክፍል ውስጥ ገባ።

የሴሚናሩ ዕለት አዳራሹ ሞልቷል። ስትጀምር ድምፅዋ እንደ ደወል ነበር። ሰባተኛው መስመር ላይ ስትደርስ የክፍሉ ኃላፊ መነጽራቸውን ወልውለው፣ ይህ ድምር አንድ ቁጥር ላይ ይረጋል ወይ ሲሉ ጠየቋት። መልስ ልትሰጥ ወደ ሰሌዳው ዞረች። ጠመኔው በእጇ ቀረ። ድምሩ የሚረጋበት የለውም፤ ቁጥር በተጨመረ ቁጥር እያበጠ ይሄዳል። ማንም ሳይነግራት፣ ቆማ እያየችው፣ ሁለት ዓመት ከእጇ ላይ ረገፈ።

ዞር ስትል ማግኔቱን ከኋላ ወንበር አንገቱን ደፍቶ አየችው። ሲወጣ ተከትላ ኮሪደር ላይ ደረሰችበት።

«አንተ ነህ የነገርካቸው።»

«ለማንም አልነገርኩም» አላት። «ለእርስዎ ነው የጻፍኩት። ስህተቱንም፣ መውጫውንም። አራት ገጽ ነበር።»

«ፖስታው ውስጥ... ሌላ ነገር አልነበረም?»

«ሌላ ምን ይኖርበታል?»

መንገዱን ቀጠለ። እሷ ክፍሏን ቆልፋ አለቀሰች። ያንገበገባት ግን ሴሚናሩ ብቻ አልነበረም። ያ ፖስታ የፍቅር ደብዳቤ አለመሆኑ ነው ሆዷን ያባባው። ይህን ስታውቅ እሱን የናቀችውን ያህል ራሷን ናቀች።

በማግስቱ ጠዋት ምድር ቤት ወረደች። ይቅርታ የመጠየቅ ልምድ ስለሌላት ቃሏ ተንተባተበ። እሱ ፊቱን ሳይፈታ ወንበር ገፋላትና አራቱን ገጽ እንደገና ጻፈላት። የእሷ የጥቁር ጉድጓድ ቀመር ምልክቶቹ ብቻ ሲለወጡ የእሱ የማግኔት ረድፍ ቀመር ነው። የማግኔት ሰዎች ድሮ ፈትተውታል። ሁለት ዓመት ያንኳኳችው በር በእሱ ሰፈር በኩል ወለል ብሎ ተከፍቶ ኖሯል።

አሥራ አንድ ሳምንት አብረው ሠሩ። መጀመሪያ ስለ ሥራ ብቻ ተነጋገሩ። ኋላ ግን ዳቦውን ለሁለት ይቆርሰው ጀመር። እሷም ያለ ዜማው ማሰላት ሲያቅታት ታዘበች። አፍ አውጥቶ የተናገረ ግን አልነበረም።

ጽሑፉ ሲያልቅ ኃላፊው አስጠሯት። ሥራው ድንቅ እንደሆነ፣ ወንበሩም የእሷ እንደሆነ ነገሯት። አንድ ነገር ብቻ ይስተካከል አሉ፤ የሰውየው ስም ይውጣና ከግርጌ በምስጋና ይጠቀስ።

«የስበት ጥናት ላይ የማግኔት ቀጥቃጭ ስም ሲታይ ይሳቅብናል» አሏት።

የገዛ ንግግሯ ነበር። ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ ግን እንዴት ይቀፋል!

«የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ያገኘው እሱ ነው» አለቻቸው። «የእሱ ስም ከወጣ የእኔም ይወጣል።»

«እንግዲያው ወንበሩን እርሺው።»

«እሺ» አለችና ወጣች። በሩን እንኳ ጮክ አድርጋ አልዘጋችውም።

ምድር ቤት ወርዳ የሆነውን ሁሉ ነገረችው። እርሳሱን አስቀመጠ።

«ንቄህ ነበር» አለችው። «ሳላውቅህ። ሥራህንም ሳላነብ።»

«አውቃለሁ። እኔም ንቄሽ ነበር።» አንቺ ሲላት የመጀመሪያው ነበር። «ፖስታ ከፍታ ማንበብ የማትችል ምሁር ብዬ። ሦስት ሳምንት ያህል ናቅኩሽ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ... አልዘለቀልኝም።»

ሳቋ ከዕንባዋ ጋር መጣ። እሱም እጇን ያዘ፤ ጠመኔ የለበሰውን እጇን፣ ሳያራግፈው።

ጽሑፉ በሁለቱም ስም ወጣ። ወንበሩ ለሌላ ሰው ተሰጠ፤ እሷም ከከተማው ዳር ባለ ትንሽ ኮሌጅ የጀማሪ ሒሳብ ማስተማር ያዘች። ኃላፊውን አሁንም ትንቃቸዋለች፤ ይሄኛው ንቀት ግን በደንብ ካነበበች በኋላ የመጣ ነው።

በዓመቱ የጋብቻ ምዝገባ ክፍል ገቡ። እህቷ ምስክር ሆና፣ ድሮም ነግሬሽ ነበር የሚል ፊቷን ይዛ ከኋላ ቆማለች። መዝጋቢው ቅጹ ላይ አቀርቅሮ ሥራቸውን ጠየቀ። ማግኔቱ የሁለቱንም በዝርዝር ሊያስረዳው ሞከረ። ሰውየው ከመሀል ሰልችቶት ቀና አለ።

«ባጭሩ ሁለታችሁም የምትሠሩት ማግኔት ነው?»

እህቷ ትንፋሿን ዋጥ አደረገች። በዚህች ሴት ፊት ስበትን ከሌላ ነገር ጋር ደባልቆ በሰላም የወጣ ሰው አታውቅም።

እመቤት ስበት ወደ ሙሽራዋ ዞር አለች። የሸሚዙ ቁልፍ ዛሬም ተዛንፏል።

«አዎ» አለች። «እንደዚያ ብለህ ጻፍልን።»