የአንገት ብር

«ፈትናቸው» አሉ ፊታውራሪ ክንፈ።

ስልቻው ተገለበጠ። ጠገራ ብሮቹ አጎዛው ላይ ፈሰሱ። አራጌ ወደ ክምሩ ተጠጋ።

አራጌ እውነተኛ ስሙ አልነበረም። በመካነ ሰላም ገበያ የሚያውቁት አሮጌ ብር እየገዛ ለአንጥረኞች የሚሸጥ ነጋዴ ነው ብለው ነው። ደሴ ያሉት የላኩት የመንግሥት ሰዎች «ወስፌ» ይሉታል። የመሬት አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ፊታውራሪ ሸፍተዋል። ከዓባይ ማዶ ጠመንጃ የሚያሻግሩላቸው ሰዎች ደግሞ የወረቀት ገንዘብ አይነኩም፤ ያረጀ ጠገራ ብቻ ነው የሚቀበሉት። የወስፌ ሥራ ጠመንጃው በየትኛው የዓባይ መልካ ተሻግሮ እንደሚገባ ማወቅ ነበር። ብር መርማሪ ሆኖ የተጠጋውም ለዚህ ነው።

ያስጠጋው ጀብሪል ነው። ጀብሪል በበቅሎ ከደሴ ዕቃ የሚያመላልስ ነጋዴ ነበር። አራጌ የሚያድረው በእሱና በእህቱ በሀጀራ ቤት ነው። «ሰውየው ብር ያውቃል፤ ወላሂ እኔ ዋሱ ነኝ» ብሎ ለፊታውራሪ የመሰከረለት ጀብሪል ነው። ይህንንም ስልቻ ከደሴ ጭኖ ያመጣው እሱ ነበር፤ የላከው ማን እንደሆነ አልጠየቀም። አሁን በሩ ሥር ቁጢጥ ብሎ የበቅሎውን ጭነት ገመድ ይተረትራል።

ቤቱ ወና ነበር። ባለቤቶቹን ባለፈው ዓመት ርሃቡ ፈጅቷቸዋል። ውጭ ባለጠመንጃዎች ግቢውን ከበዋል።

አራጌ አንዱን ብር አንስቶ ወደ በሩ ብርሃን አዞረው። ብሩ ላይ የተቀረጸችውን ንግሥት የትከሻ ዕንቁዎች በጥፍሩ ዳበሰ። አልተበሉም። በጠርዙ ላይ የተቀረጹት ፊደላትም ስል ናቸው። በቅርጽ ፈስሶ የተሠራ ሐሰተኛ ቢሆን ፊደሉ ይደበዝዝ፣ ገጹም ፈንጣጣ እንደያዘው ፊት ይሆን ነበር።

«ይኸ ንጹሕ ነው። ሙሉ ዋጋውን ያወጣል።»

ሁለተኛውን አነሳ።

«ይኸ የአንገት ብር ነው። ማንጠልጠያው ተነቅሏል፤ የብየዳው ጠባሳ ይኸውልዎ። ብርነቱ እውነተኛ ነው፤ ጠባሳው ግን ዋጋውን ያወርደዋል።»

ብዙዎቹ እንዲያ ነበሩ። ከየት እንደመጡ ያውቃል። በዚያ ክፉ ዓመት ከለጋምቦ እስከ ከላላ ያሉ ሴቶች ለአንድ ቁና ገብስ ሲሉ ከአንገታቸው የበጠሷቸው ናቸው።

ሌላ አነሳ።

ወደ ብርሃኑ አስጠጋው።

በብሩ ጀርባ ከተቀረጸው ንስር ጭራ ሥር ቀጭን የሞረድ ጭረት አለ። ጭረቱ የገዛ እጁ ሥራ ነው። ብሩን አቀስታ ላይ የገዛው ልጇን ቀብራ ከመጣች ፈንታዬ ከምትባል ሴት ነበር። ምልክት አድርጎበት ደሴ ለአለቃው ለሻምበል አድማሴ አስረከበው።

ለሻምበል ብቻ።

«ይህን የላከልን የደሴ ወዳጃችን ራሱ እየመጣ ነው» አሉ ፊታውራሪ። «መሀላችሁ ሰላይ አለ ብሎኛል። በጣቱ ጠቁሞ ሊያሳየኝ ነው።»

አራጌ ቀና አላለም። መውጫ የለም። መሣሪያም አልያዘም። ያለው አንድ ነገር ነው፤ ስለ ብር የሚናገረውን ሰው ማመኑ።

ከክምሩ መሀል የማንጠልጠያ ቀዳዳው በእርሳስ የተደፈነ አንድ ብር መረጠ። ንጹሕ ብር ድንጋይ ላይ ሲጥሉት ይጮኻል፤ እንዲህ ያለው ግን እውነተኛ ቢሆንም እንደማይጮኽ ያውቃል። ድንጋዩ ላይ ጣለው።

ድብ አለ።

«ሐሰተኛ ነው» አለ። ሌላም ድፍን ጣለ። «ይኸም። ፊታውራሪ፣ ከላይ ከላዩ ደህናውን በትነው ከሥሩ ቅይጥ ሞልተውልዎታል። ይህን ይዘው መልካ ቢወርዱ በሕይወት አይመለሱም።»

የፊታውራሪ ፊት ጠቆረ።

ወዲያው የበቅሎ ኮቴ ተሰማ። ሻምበል አድማሴ ጋቢ ተከናንቦ ገባ። አራጌን አየውና ፈገግ አለ።

«ይኸውልዎ፣ ሰላዩ እሱ ነው። እኔው ነኝ እሱን የላክሁት!»

«ሐሰተኛ ብር ላክህ» አሉ ፊታውራሪ፣ «አሁን ደግሞ ሐሰተኛ ስም አመጣህ።»

«ኧረ የምን ሐሰተኛ—»

ጥይቱ አላስጨረሰውም።

ከዚያ አፈሙዙ ወደ በሩ፣ ብሩን ጭኖ ወዳመጣው ጀብሪል ዞረ። አራጌ ይህን አላሰበም ነበር።

«ጀብሪል አያውቅም!» ብሎ ጮኸ። «ፊታውራሪ፣ በማርያም! ተሸክሞ ከማምጣት በቀር የሚያውቀው የለም!»

«አራጌ፣ አብሽር፤ እኔው አስረዳቸዋለሁ» አለ ጀብሪል፣ ገመዱን አስቀምጦ እየተነሳ።

አላስረዳም።

ጭሱ ሲጠፋ ፊታውራሪ ጠመንጃቸውን ትከሻቸው ላይ አነገቱ። «የአባቴን ብር ከተቀበረበት አስወጣለሁ። ነገ ዝንጀሮ መልካ ላይ አንተ ትፈትናለህ። ሬሳውን ለእህቱ አድርስ።»

አራጌ ጀብሪልን በገዛ በቅሎው ጭኖ ወደ ከተማ ወጣ። ሀጀራ ከሩቅ አይታ እየሮጠች መጣች። ጩኸቷን እየሰማ ወደ ስልክ ቤቱ ሄደ። የደወለው የጨነቀው ቀን ብቻ እንዲጠቀምበት በተሰጠው ቁጥር ነበር።

«ማን ልበል?»

«ወስፌ። ሻምበል ከድቶ ነበር፤ ሞቷል። እህሉ ነገ ዝንጀሮ መልካ ይወርዳል።» እህል የሚሉት ጠመንጃውን ነበር።

«ምልክት?»

«ብር ድንጋይ ላይ ስጥል።»

በማግሥቱ ዓባይ ዳር የፊታውራሪን የአባታቸውን ብር አንስቶ ድንጋዩ ላይ ጣለው። ጥርት ብሎ ጮኸ። ከገደሉ አናት ያደፈጡት ወታደሮች ተኩስ አወረዱ። ጠመንጃው ተያዘ፤ ፊታውራሪ ወንዙ ዳር ወደቁ። ካጀቧቸው ጥቂቶቹ ግን ጫካ ገቡ።

ሲመለስ ሀጀራ ደጃፏ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ነበር። ለቀስተኛ የለም።

«ሐሰተኛ ብር ሲያዟዙር ተገደለ ይላሉ» አለችው። «ሰው ደጄን ሸሸው። አራጌ፣ አንተ ታውቃለህ፤ በአላህ ይዤሃለሁ፣ ሐሰተኛ ነበር?»

ያመለጡት ሰዎች ገና በአካባቢው አሉ። ብሩ እውነተኛ እንደነበር ከዚህ ደጃፍ ከተሰማ እሱን ብቻ ሳይሆን ያስጠጋችውን ሀጀራንም ይፈልጓታል።

«ሐሰተኛ ነበር» አላት። «እሱ ግን አያውቅም ነበር።»

ሀጀራ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። «እንግዲያው አላህ ይማረው» አለችና ገብታ በሩን ዘጋችው።

በማለዳ አራጌ ወደ ወረኢሉ በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ተሳፈረ። ረዳቱ ስሙን ሲጠይቀው አራጌ ሳይሆን ብዙነህ ነው አለ። አጠገቡ የተቀመጠች አሮጊት ዓይኑን አይታ ጠጋ አለችው።

«የኔ ልጅ፣ ሰው ሞቶብህ ነው?»

«አዎ፣ እናቴ።»

«ምንህ ነው?»

መኪናው ዳገቱን እያቃሰተ ወጣ።

«ወንድሜ» አላት።

ወረኢሉ ሲደርሱ ወረደ። ከብት ወደ ገበያ ከሚነዱት ሰዎች ጋር ተቀላቅሎ በአቧራው ውስጥ ሄደ።