መምህሩ ያልጻፉት ስንብት

«አልቀብርም!»

ኢንስፔክተር ትርሲት ከወልቂጤ ተነሥታ ቡታጅራ ለቅሶ ቤቱ ስትደርስ ከድንኳኑ ውስጥ የሰማችው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር። ወይዘሮ ፋንቱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከዕድሩ ሽማግሌዎች ፊት ለፊት ቆመዋል።

«ባሌ ራሱን አልገደለም። ያለ ፍትሐት አልቀብረውም። አስከሬኑ ሆስፒታል ይክረም!»

መምህር ሀብተጊዮርጊስ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ነበሩ። ትናንት ሐሙስ ከቀትር በኋላ ቤታቸው ውስጥ፣ ኮምፒውተራቸው ፊት እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። ከብርጭቆው ሥር የቀረው አረቄ የተባይ መርዝ ይሸታል። እስክሪኑ ላይ ደግሞ በአማርኛ እንዲህ የሚል ነበር፦ «በቃኝ። በገዛ እጄ ነው፤ ማንንም አትጠይቁ።» 2003 ዓ.ም. ነው፤ ራሱን ላጠፋ ሰው ቤተ ክርስቲያን ፍትሐት እንደማትፈታ ቡታጅራ ውስጥ የማያውቅ የለም። ያቺ አንዲት መስመር የሰውየውን መቃብር ልትወስን ነበር።

የትርሲት ስልክ ጮኸ። ወልቂጤ ያለው አለቃዋ ነው።

«ጉዳዩ ግልጽ ነው። ዛሬውኑ ፋይሉን ዝጊና ነይ።»

«ግልጽ ከሆነ ማየቴ አይጎዳውም፣ ጌታዬ።»

«ትእዛዝ ነው፣ ትርሲት!»

«እንግዲያውስ በጽሑፍ ይላኩልኝ» አለችና ዘጋችው። በጽሑፍ እንደማይልከው ታውቃለች።

ወይዘሮ ፋንቱን ጓዳ ይዛቸው ገባች።

«ሐሙስ የት ነበሩ፣ እትዬ ፋንቱ?»

«እንሴኖ ገበያ። ስመለስ ደርቆ አገኘሁት።»

«ከዚያ በፊት ባለቤትዎን የከፋቸው ነገር ነበር?»

«የከፋውስ በኮምፒውተሩ ነው። ረቡዕ አዲስ ዊንዶውስ ጫኑበት። ማታውን “ዲዳ አደረጉብኝ” እያለ ሲነጫነጭ አመሸ። ሰው ለዚህ ይሞታል እንዴ፣ ልጄ? ሐሙስ ጠዋት ደብተሩን አውጥቶ በእጁ ሲጽፍ ነው ትቼው የሄድኩት።»

ቀጥሎ የመጣው የሟች ወንድም ልጅ፣ ጨርቅ ነጋዴው ዘመድኩን ነበር። ሳይጠየቅ ጀመረ።

«ኮምፒውተሩ በየደቂቃው ይቆምበት ስለነበር ይቀየር ብዬ የጎተጎትኩት እኔ ነኝ። ረቡዕ ሲጫንም አብሬ ነበርኩ። ሌላም አልደብቅሽም፤ በመጽሐፉ ተጣልተናል።»

«ምን መጽሐፍ?»

«በ1970 ከትምህርት ቤቱ ሦስት መምህራን ተወስደው በዚያው ቀሩ። ማን እንደጠቆመባቸው ሊጽፍ ነበር። እኛን ታስጨርሰናለህ አልኩት። ስሙን ግን ለእኔም አልነገረኝም።»

ትርሲት ኮምፒውተሩን ከፈተች። መጽሐፉ ይቀመጥበት የነበረው ፎልደር ባዶ ነው። የስንብቱን ጽሑፍ ከፍታ ስለ ፋይሉ የሚናገረውን ዝርዝር አየችና ማስታወሻዋ ላይ አንድ ስም ጻፈች።

የኮምፒውተር ጠጋኙን ኤፍሬምን ሱቁ ድረስ ሄዳ አገኘችው።

«ዊንዶውሱን ስትቀይር የጠፋ ፋይል አለ?»

«ኧረ የለም! ከመንካቴ በፊት ያላቸውን ሁሉ ሲዲ ላይ ገልብጫለሁ። ይኸው እኔ ጋ አለ። የጎደለው የአማርኛ መጻፊያው ብቻ ነው። የድሮው ለአዲሱ ዊንዶውስ አልሆነም፤ አዲሱን ከአዲስ አበባ ቅዳሜ ይልኩልኛል።»

ትርሲት ሲዲውን እዚያው ሱቅ በነበረ አሮጌ ኮምፒውተር ከፍታ መጽሐፉን አንድ ሰዓት ሙሉ አነበበች። ስትጨርስ ፊቷ ተለውጦ ነበር። ከዚያ በእግሯ ወደ ትምህርት ቤቱ አቀናችና ዘበኛውን ከድሮን አነጋገረች።

የመጨረሻው ተጠያቂ የትምህርት ቤቱ ምክትል ርእሰ መምህር፣ አቶ ገሠሠ ነበሩ። የሟቹ የሠላሳ ዓመት ወዳጅ ናቸው፤ ዐይናቸው በለቅሶ ቀልቷል።

«ከሰኞ ጀምሮ ወልቂጤ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ሐሙስ ማታ ስገባ ነው መርዶውን የሰማሁት። ምን ላድርግ፣ ብቸኝነት ጎድቶት ነበር።»

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አራቱም፣ ሁለት ሽማግሌዎች ታክለው፣ ኮምፒውተሩ ባለበት ክፍል ተሰበሰቡ።

«አቶ ገሠሠ፣ የእጅ ጽሑፌ አይነበብም» አለች ትርሲት። «ቃለ ጉባኤውን በዚህ ይጻፉልኝ።»

«ምን ችግር አለ» ብለው ተቀመጡ። ኤፍሬም አፉን ሊከፍት ሲል ትርሲት በዐይኗ ገታችው። ገሠሠ “ሰላም” ብለው መቱ። እስክሪኑ ላይ የወጣው ግን በፈረንጅ ፊደል selam የሚል ነበር። አጠፉት፤ እንደገና መቱ። ያው ነው። እጃቸውን ከኪቦርዱ አነሡ።

«አይጽፍም» አለች ትርሲት። «ከረቡዕ ጀምሮ ይህ ኮምፒውተር አማርኛ ያነባል እንጂ አይጽፍም። ስለዚህ ስንብቱ እዚህ አልተጻፈም፤ ሌላ ቦታ ተጽፎ በፍላሽ መጣ። ማን አመጣው? ኤፍሬም አይደለም፤ መጻፊያውን ያላስገባው ራሱ ነው። ዘመድኩን ሲጫን አብሮ ነበር። እትዬ ፋንቱ ባላቸው ሲነጫነጩ ሰምተዋል። ሦስቱም እንዲህ ያለ ውሸት እዚህ እስክሪን ላይ እንደማይቆም ያውቃሉ። ያላወቀው ረቡዕ እዚህ ያልነበረው ሰው ነው።»

«ይህ ማስረጃ ነው?» አሉ ገሠሠ።

«አይደለም። ፋይሉ ግን የተሠራበትን ኮምፒውተር ስም ይዞ መጥቷል፤ የእርስዎን ቢሮ። ቁልፉ ያለው በእርስዎ እጅ ብቻ ነው። ዘበኛው ከድሮ ደግሞ ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ቢሮዎን ከፍተው ሲገቡ አይቶዎታል። ማታ ገባሁ ያሉኝ ሰው!»

«ለምን ብዬ ወዳጄን እገድላለሁ?»

«መጽሐፉን ከኮምፒውተሩ አጠፉት። ኤፍሬም ቀድሞ መገልበጡን ግን ማን ይንገርዎ? አንብቤዋለሁ። ሦስቱ መምህራን የተወሰዱበት ወረቀት ቅጂ መጽሐፉ ውስጥ አለ፤ ፊርማው የእርስዎ ነው።»

ገሠሠ ወንበሩን ገፍተው ተነሡ።

«ሃያ አራት ዓመቴ ነበር! እኔ ምን አደረግሁ? ዘመኑ ነው!»

ወይዘሮ ፋንቱ ተጠጓቸው።

«ዘመን እጅ የለውም፣ ገሠሠ። የፈረምከው አንተ ነህ። አረቄውንም የቀዳኸው አንተ ነህ።»

ቅዳሜ መምህሩ ፍትሐት ተፈትቶላቸው ተቀበሩ። ከቀብር መልስ ሽማግሌዎቹ ወይዘሮ ፋንቱን ከበቧቸው።

«ሰውየው በሕግ እጅ ነው። መጽሐፉ እንኳ ቢቀር፣ ፋንቱ? የገሠሠም ልጆች እዚሁ ነው የሚኖሩት።»

«አይቀርም።»

«ለሰላም ብለሽ።»

«ሠላሳ ሦስት ዓመት ለሰላም ብለን ዝም አልን። ባሌን ገደለብኝ። አይቀርም አልኩ!»

ይህን ጊዜ ከድንኳኑ ጥግ አንዲት ጎበጥ ያሉ አሮጊት ተነሡ። ከጥያ በሰው ተደግፈው የመጡ እማማ አበባ ናቸው፤ ከሦስቱ መምህራን የአንዱ እናት። በሽማግሌዎቹ መካከል አልፈው ትርሲት ፊት ቆሙ።

«አንቺ ነሽ ያነበብሽው፣ ልጄ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ልጄን የት እንደጣሉት ይላል?»

በኤግዚቢትነት የተያዘ ሰነድ ለውጭ ሰው እንደማይነገር ትርሲት ታውቃለች። አለቃዋ ይህን ቢሰማ የሚጽፍባትንም ታውቃለች። የአሮጊቷን ክንድ ያዘች።

«ይላል፣ እማማ። ይምጡ፣ መኪና ይዣለሁ።»