የኡስታ ዱርሙሽ ግራኝ

ትኩሱ የጥይት ቀለህ በዙምሩት አፍንጫ ሥር ሽው ብሎ አለፈ። ሳታስበው ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጠው ለዒላማ ወደ ሰማይ የተወረወረችው ብርቱካናማ የሸክላ ሳህን ምንም ሳትሆን እየተሽከረከረች ከጥዶቹ ወዲያ ወረደች።

«ሳተች» አለ ዳኛው በድምፅ ማጉያው።

ከሃያ አምስቱ አሥራ አንደኛው ስህተቷ ነበር። የመጀመሪያው ዙር በዚሁ አበቃ። ሊያዩ የመጡት የከተማው ሻይ ቤት ሽማግሌዎች ማጨብጨቡን ከተዉ ቆይተዋል። አያቷ ኡስታ ዱርሙሽ ብቻ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ እያሽከረከሩ ፈገግ ለማለት ይታገላሉ።

በሚኖሩባት የተራራ ከተማ ግማሹ ሰው የአደን ጠመንጃ ሠሪ ነው። ኡስታ ዱርሙሽ «ኡስታ»፣ ማለትም የሙያው ጌታ፣ የተባሉት አርባ ዓመት ሙሉ ስለሠሩ ነው። እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር የመጨረሻዋን ሠርተው ለልጅ ልጃቸው ለዙምሩት ሰጧት። ሰደፏ የዋልነት እንጨት ነው፤ ቆቅ ተቀርጾበታል። አንዱን ተኩሰው ሳይጨርሱ ቀጣዩን ጥይት ራሷ ትጎርሳለች። ችግሯ አንድ ብቻ ነው፦ ቀለሁን የምትተፋው በቀኝ በኩል ነው። ዙምሩት ደግሞ ግራኝ ናት። በግራ ትከሻዋ ደግፋ ስትተኩስ ቀለሁ በፊቷ ላይ ያልፋል።

ይህን መጀመሪያ ያየችው አሠልጣኟ ኔዛሃት ነበረች። በጸደይ አንድ ቅዳሜ የተኩስ ክለቡን ጠመንጃ፣ በግራ የሚተፋውን አስያዘቻት። ያን ቀን ዙምሩት ሃያ ሁለት ሳህን ሰበረች። ቤት ስትደርስ አያቷ በር ላይ ጠበቋት።

«ስንት?»

«ሃያ ሁለት።»

«በእኔዋ?»

ፊታቸው እንደ ልጅ ፊት በርቶ ነበር። «በእሷው ነው፣ አባባ» አለች።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ያችው ውሸት ተደገመች። አያቷ ወሬውን ሻይ ቤት ይወስዱታል፤ የዕድሜ ልክ ጓደኛቸው ቤኪር ደግሞ በጉራቸው ይቀልዱባቸዋል። ዛሬ ኡስታ ዱርሙሽ ለከተማው በዓል ውድድር የሻይ ቤቱን ሰው ጠቅልለው ያመጡት የቤኪርን አፍ ለመዝጋት ነበር። ዙምሩት ሌላ ጠመንጃ ይዛ ፊታቸው ለመቆም አልደፈረችም።

በእረፍቱ ላይ ኔዛሃት የክለቡ ጠመንጃ መኪናው ውስጥ እንዳለ በጆሮዋ ነገረቻት። ዙምሩት መልስ ሳትሰጥ አያቷ መጡ። ፀሐይዋ ዓይኗ ውስጥ ገብታ እንደሆነ ጠየቋት፤ እሷም እንደዚያ ነው ለማለት አፏን ከፈተች። እሳቸው ግን ቀጠሉ።

«ወይም ስፕሪንጓ ላልታ ይሆናል። እሷን ስሠራ እጄ መንቀጥቀጥ ጀምሮኝ ነበር። ያኔ ማቆም ነበረብኝ።»

የገዛ እጃቸውን ሲወቅሱ መስማት ግን የማይቻል ሆነባት።

«ጠመንጃዋ ምንም የላትም፣ አባባ» አለች። «ጥፋቱ የኔ ነው። ዋሽቼዎታለሁ።» ሁሉንም ከመጀመሪያው ነገረቻቸው። ቀና ብላ ማየት ፈርታ ጫማቸው ላይ እንዳቀረቀረች ጨረሰች።

ኡስታ ዱርሙሽ ግራ እጇን ይዘው መዳፏን ገልብጠው አዩት።

«አሥራ አምስት ዓመት ፊት ለፊት ተቀምጠን ሾርባ ጠጥተናል። ማንኪያውን የምትይዢው በዚህችው እጅሽ ነበር፤ እኔ ግን አላየሁም!» ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሏት ደነገጠች፤ እሳቸው ግን ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ነበር። «ስንቱን ገዢ ክንዱን ለክቼ፣ አንገቱን ለክቼ ሠርቻለሁ። ሳልለካ የሠራሁት ለገዛ ልጄ ልጅ!»

ከዚያ ያንን የክለቡን ጠመንጃ አምጡልኝ አሉ። ባዶ መሆኑን አረጋግጠው ከፍተው አዩት፤ አሸተቱት። የሰደፉ እንጨት ከቲማቲም ሣጥን የተፈለጠ ይመስላል ብለው አፋቸውን አጣመሙ። ውስጡን ግን ደጋግመው አዩት።

«ሥራው ንጹህ ነው» አሉ በግዳቸው። «ሂጂ ስበሪ።»

በሁለተኛው ዙር ዙምሩት ዓይኗን አንዴም አልጨፈነችም። ሳህኖቹ እንደ ብርቱካናማ አቧራ ሰማይ ላይ ይበተኑ ነበር። ከአሥረኛው በኋላ ሽማግሌዎቹ ጮክ ብለው መቁጠር ጀመሩ፤ ሃያ አራት ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ተዘግቶ ነበር። ባለፈው ዙር ምክንያት ስድስተኛ ወጣች። ስድስተኛ መሆን እንዲህ ደስ ይላል ብላ አስባ አታውቅም።

ከዚያ ሁሉም በዛፍ ጥላ ሥር ሻይ ይዘው ተቀመጡ። ቤኪር ግን የዋዛ ሰው አልነበሩም።

«ዱርሙሽ» አሉ ጢማቸውን እየጠረጉ፣ «ያ ቅዳሜ ቅዳሜ የምትደሰኩርልን ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት... በየትኛዋ ጠመንጃ ነበር?»

ኡስታ ዱርሙሽ የሻይ ብርጭቋቸውን በጣታቸው አዞሩ። ዙምሩት አየቻቸው። ስለ እሷ ሲሉ ሊዋሹ አፋቸውን ሊከፍቱ እንደሆነ ገባት።

«በክለቡ ጠመንጃ ነበር፣ ጋሼ ቤኪር» አለች ቀድማቸው። «አባባ የነገሯችሁ እኔ ያልኳቸውን ነው። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

ቤኪር አንዴ እሷን፣ አንዴ ጓደኛቸውን አዩ። ኡስታ ዱርሙሽ አግዳሚው ወንበር ላይ ትንሽ ፈቀቅ አሉና በራሳቸውና በቤኪር መካከል ቦታ ለቀቁላት። ዙምሩት ሄዳ ተቀመጠች።